ሁለተኛው ዲቪዲ ላይ ተቀርቅሬ፦ ዴቢያንን ያለ ኢንተርኔት የማሳደግ ሙከራዬ

ኢንተርኔት የማያገኝ አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ። የተጫነበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዴቢያን (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) 11 ነበር። ወደ 12 ላሳድገው አልኩና ሦስት ዲቪዲ አዘጋጀሁ። በፍላሽም ይሆን ነበር፤ ግን የዲስኩን መንገድ አንዴ በእጄ ልሞክረው ብዬ ነው። አንድ ምሽት ይበቃዋል ያልኩት ሥራ አራት ምሽት በላ።

ዝግጅቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የመጀመሪያውን ዲቪዲ ሙሉ አይኤስኦ (የዲስኩን ይዘት በሙሉ የያዘ አንድ ፋይል፣ ወይም ምስል) አውርጄ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በጂግዶ ሠራሁ። ጂግዶ ፓኬጆቹን (ፕሮግራሞቹ የታሸጉባቸውን ፋይሎች) አንድ በአንድ ከሰርቨር ለቅሞ ምስሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ ይገጣጥምላችኋል። ሌላ ማሽን ላይ ሆኜ የሦስቱንም ቼክሰም (ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚያሳየውን የፊደልና የቁጥር መለያ) አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። ከዚያ በ16 ኤክስ (በመደበኛው 16 እጥፍ ፍጥነት) በርን አደረግኳቸው፤ ማለትም ባዶ ዲቪዲ ላይ ጻፍኳቸው። ቸኩዬ ነበር። አይኤስኦዎቹንም ቦታ ያዙብኝ ብዬ አጠፋኋቸው። ይቺን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። የድሮዎቹን የሶርስ መስመሮች (ፓኬጅ ከየት እንደሚመጣ የሚናገሩትን) ዘጋሁ፣ አፕት በሚባለው የዴቢያን ፓኬጅ ጫኝ «አፕት ሲዲሮም» ትዕዛዝ ሦስቱን ዲስኮች ተራ በተራ አስመዘገብኩ። አንድም ቅሬታ የለም። ቀጥሎ አዲስ ፓኬጅ የማይጨምረውን ቀለል ያለውን አፕግሬድ አስኬድኩ። እሱም አለፈ። ከዚያ ዋናው ሙሉ አፕግሬድ ላይ «ሁለተኛውን ዲስክ አስገባና ኢንተር ተጫን» አለኝ። አስገባሁ።

ድራይቩ መሽከርከር ጀመረ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና ተነሳ። ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ሰው ይመስል ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲህ ሲታገል ቆየና ተርሚናሉ ላይ የኢንፑት አውትፑት ኤረር ወጣ፤ ቁጥር 5። ከሥሩ ደግሞ አንዳንድ ፓኬጆችን ማምጣት አልቻልኩም፣ «ፊክስ ሚሲንግ» የሚለውን አማራጭ ሞክር የሚል ምክር አለ። እሺ ብዬ ሞከርኩ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዲስክ እየተቀያየረ ፊክስ ሚሲንግ አይሠራም! ራሱ መክሮኝ ራሱ ከለከለኝ።

እዚህ ላይ ነው ስህተት መንገድ የገባሁት። ችግሩ የፓኬጅ ነው ብዬ ደመደምኩ። የሶርስ ፋይሉን ከፍቼ የሁለተኛውን ዲስክ መስመር ዘጋሁና ሙሉ አፕግሬዱን እንደገና አስነሳሁ። አሁን ጥያቄ የለም፣ ኤረር የለም። ደስ ብሎኝ «አዎ» ልል ስል የሚወገዱት ፓኬጆች ዝርዝር ላይ ዓይኔ አረፈ። 47 ናቸው። በመስኮትና በሜኑ የምሠራበት ገጽ፣ ዴስክቶፑ ራሱ፣ እዚያ ውስጥ አለ! አዲሶቹ ፕሮግራሞች ያለ እነሱ የማይሠሩባቸው ፓኬጆች ሁለተኛው ዲስክ ላይ ስላሉ፣ እነሱን ካጣ አሮጌዎቹን ነቅሎ መንገዱን ሊያስተካክል ነው። በጥድፊያ «አይ» አልኩ። ኤረር ስላልመጣ ብቻ ልፈርም ነበር እኮ።

በሁለተኛው ምሽት የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) መልእክት አነበብኩ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር። የድራይቩ ስም ከፊት፣ ቀጥሎ የንባብ ስህተት፣ ቀጥሎ የሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ክፍል) ቁጥር። አንድ ሁለት አይደለም፣ ገጽ ሙሉ ነው። ከርነሉ ሴክተሩን በ512 ባይት ይቆጥራል፣ የዲስኩ ብሎክ ግን 2048 ባይት ነው። ስለዚህ ለ4 አካፈልኳቸው። ሁሉም ወደ ዲስኩ መጨረሻ ተጠግተው የተከማቹ ናቸው።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ዲቪዲ ከውስጥ ተነስቶ ወደ ውጪ ጠርዝ ነው የሚጻፈው። 16 ኤክስ የሚባለውም ፍጥነት ከመነሻው አይደርስም፤ ድራይቩ እዚያ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው ጠርዙ አካባቢ ነው። የእኔ ዲስክ የተበላሸው በትክክል እዚያ ነው።

ታዲያ ምዝገባው እንዴት አለፈ? አፕት ሲዲሮም ሲመዘግብ የፓኬጆቹን ዝርዝር ያነባል፣ ፋይሎቹ መኖራቸውንና መጠናቸውን ያያል፤ ውስጣቸውን ግን አያነብም። ቼክሰሜም ቢሆን ያረጋገጠው ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን አይኤስኦ እንጂ በርን የሆነውን ዲስክ አይደለም። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው ያየሁት።

የዴቢያን ዲስኮች ላይ የፋይሎቹን ኤምዲ5 (አንድ የቼክሰም ዓይነት) የያዘ ዝርዝር አለ። በእሱ ሳመሳክር ሁለተኛው ዲስክ ላይ ስድስት ፋይሎች ወደቁ። የመጀመሪያውን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በዲዲ (ዲስክን እንዳለ በሚያነብ ትዕዛዝ) አንብቤ ከአይኤስኦው ቼክሰም ጋር ሳስተያየው አልገጠመም። እሱም ተበላሸ ብዬ ልጥለው ነበር። ኋላ ሳየው በርን ሲደረግ መጨረሻው ላይ ባዶ ብሎክ ተጨምሮበታል፤ ዲዲ እሱንም አብሮ አንብቦታል። በአይሶሳይዝ ትዕዛዝ ትክክለኛውን የብሎክ ብዛት አውቄ ዲዲ እዚያ ድረስ ብቻ እንዲያነብ ሳደርግ ቼክሰሙ ገጠመ። ዲስክ አንድ ንጹሕ ነው።

ዲስክ ሁለት ግን? አይኤስኦውን አጥፍቼዋለሁ። እንደ አጋጣሚ ከተበላሸ ዲስክ የሚነበበውን የሚያድነው ዲዲ ሬስኪው ማሽኑ ላይ ነበረኝ። ብሎኩን 2048 አድርጌ፣ የትኛው ቦታ እንደተነበበ የሚመዘግብበት ማፕ ፋይል ሰጥቼው ለቀቅኩት። ይሄ መሣሪያ መጀመሪያ ቀላሉን ክፍል ያወጣል፣ ወደሚያስቸግረው ቦታ የሚመለሰው ኋላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ ጠዋት 1.3 ሜጋባይት ያህል ቀርቶ ነበር። ያ ስድስቱን ፋይሎች የያዘ ቦታ ነው።

ማፕ ፋይሉ ዋጋውን ያሳየኝ እዚህ ነው። የዩኤስቢ ዲቪዲ ድራይቭ ተዋስኩና ያንኑ አይኤስኦና ያንኑ ማፕ ፋይል ሰጥቼ ቀጠልኩ። አዲሱ ድራይቭ የተነበበውን አልነካም፤ የጎደለውን ብቻ ነው የሞከረው። አንዱ ሌዘር ያቃተውን ሌላው ያነበዋል ማለት ነው። 20 ደቂቃ አልፈጀም፣ የቀረው ዜሮ ሆነ። ቼክሰሙን አይኤስኦውን በጂግዶ ስሠራ ካስቀመጥኩት ጋር አስተያየሁት። የመጨረሻዎቹን ፊደላት በጣቴ እየተከተልኩ ነው ያነበብኩት። አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ዲስኩን ማስገባት አላስፈለገም። አይኤስኦውን በሉፕ ማውንት አድርጌ (እንደገባ ዲስክ እንዲታይ ከፍቼ)፣ በሲዲሮሙ መስመር ፈንታ «ፋይል» የሚል ሶርስ ጻፍኩ። ዲስኩ ላይ ያለው የሪሊዝ ፋይል (የፓኬጆቹን ዝርዝሮች ቼክሰም የያዘው) ዲጂታል ፊርማ ስለሌለው አፕት አላምነውም ይላል፤ መስመሩ ላይ «ትረስትድ የስ» መጨመር ግድ ነው። ይሄን ቼክሰሙን ላላያችሁት ምስል አታድርጉት።

አራተኛው ምሽት ላይ ሙሉ አፕግሬዱ ሄደ። የሚወገዱትን ዝርዝር በዚህኛው ዙር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስት አሮጌ ላይብረሪ ብቻ። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ የድሮው ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ ብሎ ጠየቀኝ፤ የራሴ ለውጥ ያለበትን አቆየሁ። ሪስታርት ሳደርግ ከርነሉ ከ5.10 ወደ 6.1 ተቀይሯል፣ ዴስክቶፑም በቦታው ነው።

ሁለተኛውን ዲስክ ከዳነው አይኤስኦ በ4 ኤክስ እንደገና በርን አድርጌ በኤምዲ5 ዝርዝሩ ፈተሽኩት፤ አንድም ፋይል አልወደቀም። ሦስተኛው ዲስክ? አፕግሬዱ እስኪያልቅ አንዴም አልጠየቀኝም። ለካ ዴቢያን ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸውን ፓኬጆች በመጀመሪያዎቹ ዲስኮች ላይ ነው የሚደረድረው። ለእሱ አንድ ሙሉ ከሰዓት በጂግዶ ፊት ተቀምጬ ነበር።