የእርግዝና የዳሌ ሕመም፦ ሁለቱ እግሮች አብረው ሲሄዱ

«ከእርግዝናው ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል።» ዳሌዋን የሚያማት ነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ ይኸው ነው። እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ ከወለዱ በኋላ ይሻላቸዋል። ግን ሕመሙ የጀመረው በ20ኛው ሳምንት ከሆነ እስከ መውለጃ አምስት ወር ገደማ አለ፤ አምስት ወር ሙሉ «ቻይው» ማለት ሕክምና አይደለም። ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷን ገደማ የሚይዝ ሕመም ነው። ጽንሱን አይጎዳም፤ እናቲቱን ግን እንቅልፍ ያሳጣታል፣ ከቤት መውጣት ያስፈራታል። በአያያዝ ደግሞ በእጅጉ ይቀላል።

ዳሌ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ከኋላ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ፣ ሁለት መገጣጠሚያዎች አሉት፤ ከፊት ደግሞ ከብልት በላይ ባለው አጥንት መሃል አንድ አለ። የፊተኛው ክፍተት በደህናው ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በእርግዝና ጅማቶቹ ሲላሉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። መላላቱ በሁሉም ነፍሰ ጡር ላይ ያለ ነው፤ ብቻውን አያምም። የሚያመው አንዱ ጎን ከሌላው እኩል መንቀሳቀስ ሲያቅተውና ጡንቻዎቹ የላላውን ለመያዝ ሲታገሉ ነው። ለዚህ ነው ቆሞ ሱሪ መልበስ፣ ደረጃ መውጣት፣ አልጋ ላይ መገላበጥና ከመኪና መውረድ የሚብሱት፤ በእነዚህ ሁሉ ወይ አንዱ እግር ሸክሙን ብቻውን ይይዛል፣ ወይ ሁለቱ እግሮች ተለያይተው ይሄዳሉ። መላው ከዚህ ይነሳል፦ ጉልበቶችሽን አቀራርቢ፣ ክብደትሽን ለሁለቱ እግሮች እኩል አካፍይ።

ሕመሙ ከፊት አጥንቱ ላይ፣ ብሽሽት ውስጥ፣ በውስጥ ጭን ወይም በመቀመጫ አካባቢ ይሰማል፤ አንዳንዴ ስትንቀሳቀሺ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው። በድንገት ስትነሺ ወይም ስታስነጥሺ ከሆድሽ ጎን ወጋ አድርጎ በሰከንዶች የሚለቅሽ ከሆነ ግን ማሕፀንን የሚይዘው ጅማት ስለተሳበ ነው፤ ያ ሌላ ነው።

ሌሊቱን ልጀምር፣ ብዙዎች የሚሰቃዩት እዚያ ነውና። በጎንሽ ተኚ፤ ትራስ በጉልበቶችሽ መካከል ብቻ ሳይሆን እስከ ቁርጭምጭሚት ይድረስ። አጭር ትራስ ጉልበትን ከፍ አድርጎ እግርን ወደ ታች ስለሚጥለው ዳሌው እንደተጠማዘዘ ያድራል። ረጅም ትራስ ከሌለ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይሠራል። ለመገላበጥ መጀመሪያ ሁለቱን ጉልበቶች አጥፈሽ አጣብቂ፤ ታችኛውን ሆድሽን በቀስታ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጊ፤ ከዚያ ትከሻሽ፣ ዳሌሽና ጉልበቶችሽ እንደ አንድ ግንድ በአንድ ጊዜ ይዙሩ። ትከሻው ቀድሞ ዳሌው ከተጎተተ ያኔ ነው የሚያስጮኸው። የሚያንሸራትት የሳቲን ፒጃማ መገላበጡን ያቀላል። ስትነሺም እንዲሁ፦ በጎንሽ ሁኚና ሁለቱንም እግሮች አንድ ላይ ከአልጋው አውርደሽ በክንድሽ ተገፍተሽ ተቀመጪ።

ሱሪና የውስጥ ልብስ ተቀምጠሽ ልበሺ፤ የሚያምሽ እግር ይቅደም።

የቤት ሥራው ላይ ደግሞ በርጩማው ትልቅ ጠላት ነው። ዝቅ ስለሚል ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፣ እግርም ይከፈታል። ዳሌሽ ከጉልበትሽ ትንሽ ከፍ የሚልበት ወንበር ፈልጊ፤ ቡናውንም ከወንበር ላይ ሆኖ ማፍላት ይቻላል፣ ከሰሉን ከፍ ያለና የማይነቃነቅ ነገር ላይ ማስቀመጥ ነው። የልብስ ሳፋው መሬት ላይ አይሁን፤ ወገብ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። እንጀራ ስትጋግሪ በወገብሽ ብቻ ተጠማዘሽ ወደ ሰፌዱ አትዙሪ፤ እግሮችሽን አንቀሳቅሰሽ መላ ሰውነትሽን አዙሪ። ወለል መወልወል፣ ጀሪካን መሸከምና ልጅን በአንድ ዳሌ ማዘል ለሌላ ሰው ይተዉ። ባልሽ «ምን ልርዳሽ» ካለ እነዚህን ሦስቱን ስጪው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ላይ ሳለሽ አይመጣም፤ ማታ ነው የሚሰማሽ። ስለዚህ ልክሽን የምታውቂው በምሽቱ ነው፦ ሰላሳ ደቂቃ ቆመሽ ማታ ካመመሽ ነገ አሥራ አምስት ሥሪና ተቀመጪ።

ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ለምትኖር ደረጃው ፈተና ነው። ስትወጪ ደህነኛው እግር ይቅደም፣ የሚያመው ይከተል፣ ሁለቱ አንድ ደረጃ ላይ ይገናኙ፤ ስትወርጂ የሚያመው ይቅደም። ጉዳዮችሽን አሰባስበሽ በቀን አንዴ ውረጂ። ታክሲ ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ ጀርባሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ አስገቢ። መቀመጫው ላይ ፌስታል ቢነጠፍ ያንሸራትትሻል፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ግን ከሥርሽ አውጪው። ስግደት ላይ የምታመነቺ ካለሽ፣ ክርስቲያን ከሆንሽ ለንስሐ አባትሽ ሕመሙን ግለጪላቸው፤ ሙስሊም ከሆንሽም መቆም ለከበደው ሰው ሶላትን ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው።

የዳሌ ቀበቶ ይረዳል፤ መግዛት ካልተቻለ መቀነት አለ። አስተሣሠሩ ግን ከወትሮው ይለያል። እጅሽን በዳሌሽ ጎን ላይ አድርገሽ እግርሽን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አዙሪ፤ ከሥር የሚንቀሳቀስ ጉብ ያለ አጥንት ታገኛለሽ። መቀነቱ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከሆድሽ በታች ይዙር እንጂ ወገብ ላይ አይውጣ። አንድ መዳፍ ያህል ስፋት ኖሮት ይታጠፍ፣ ሁለት ጣት በሚያስገባ ልክ ይጥበቅ፣ ቋጠሮው በጎን ይሁን። ሆድሽን ከተጫነሽ በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው። የምትራመጂና የምትቆሚ ሲሆን እሠሪው፣ ስትተኚ ፍቺው። ካሠርሽው በኋላ ሕመሙ ከባሰ ተይው፤ ለሁሉም አይስማማም።

ወጌሻ ጋ ሄዶ እግር ማስጎተት ወይም ሆድ ማሳሸት ግን ፈጽሞ አይሁን። የላላን መገጣጠሚያ መጎተት ሕመሙን ያባብሰዋል፤ ሆድን በኃይል ማሸት ደግሞ የእንግዴ ልጁን ያለ ጊዜው ሊያላቅቅ ይችላል።

ለማስታገሻ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፦ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየመሃሉ 6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፍ፣ ለጥቂት ቀን። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም ጉበትሽን ካመመሽ መጠኑን ሐኪም ይወስን። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰጃቸው። በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። ለመቀመጫና ለታችኛው ወገብ በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ ያለበት ላስቲክ፣ ለፊት አጥንቱ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ ያህል ይያዝ።

ከእንቅስቃሴ አንዱን ብቻ የምትመርጪ ከሆነ የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ይሁን፦ ሽንትና ጋዝ እንደምትይዢ ጨምቀሽ እስከ 10 ሰከንድ ያዢ፣ ልቀቂ፣ 10 ጊዜ ድገሚ፣ በቀን ሦስቴ። ትንፋሽ አትያዢ። ፊዚዮቴራፒስት የምታገኚ ከሆነ በጊዜ ሂጂ፤ መራመድ ካቃተሽ ክራንች ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ እሱም አያሳፍርም።

ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከ37ኛው ሳምንት በፊት እየሄደ የሚመለስ ቁርጠት፣ የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥ፣ በእግሮች መካከል መደንዘዝ ወይም ሽንት መያዝ አለመቻል ካለ የዳሌ ሕመም ነው ብለሽ አትቀመጪ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ።

ምጥ ከመምጣቱ በፊት አንድ ልኬት ውሰጂ። በጀርባሽ ጥቂት ጊዜ ተኝተሽ ጉልበቶችሽን አጥፈሽ፣ ማመም እስከሚጀምርበት ድረስ ቀስ ብለሽ ክፈቻቸው፤ ሌላ ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር በጉልበቶችሽ መካከል ያለውን ርቀት ይለካ። ሴንቲ ሜትሩን በምርመራ ካርድሽ ላይ አስጽፊና ለአዋላጇ ንገሪያት። ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ከተወጋሽ ሕመሙ ስለማይሰማሽ እግርሽ ከልኩ በላይ ቢከፈት አታውቂውም። በጎን ተኝቶ ወይም በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ማማጥ ለዳሌው ይቀላል። እግሮችሽ መነሳት ካለባቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይነሱ፣ በአንድ ጊዜ ይውረዱ።

ከወለድሽ በኋላ እግርሽን ማንሳት ወይም መራመድ ካቃተሽ፣ የፊተኛው ክፍተት ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ራጅ እንዲያዙልሽ ጠይቂ። እስከዚያ አራስ ቤት ያለ ሰው ሕፃኑን አንስቶ ያቀብልሽ።