ወንድ ልጅም ያለቅሳል

ዛሬ አመሻሹ ላይ፣ የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ሲል፣ የ10 ዓመት ልጄን ብስክሌት ላለማምደው ወደ ከዚራ ሰፈር ይዤው ወጥቼ ነበር። ከዛፎቹ ሥር ጥቂት እንደነዳ ወደቀ፤ ጉልበቱ ተልጦ ማልቀስ ሲጀምር፣ በአጠገባችን የሚያልፉ አንድ አባት በቅን ልቦና «አይዞህ የኔ ጀግና፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» አሉት። አመሰገንኳቸው፤ ይሁንና ቁስሉን በውኃ እያጠብኩለት እስኪወጣለት እንዲያለቅስ ተውኩት።

አባቶቻችን ፍቅር አልጎደላቸውም። የእኔ አባት ፍቅሩን በደብተርና በጫማ ይገልጽ ነበር እንጂ ሲያቅፈን አላስታውስም፤ የወንድ ልጅ ወጉ ቤተሰቡን ማብላትና ስሜቱን መዋጥ ነው ተብሎ አድጓልና። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የከተማችን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ብዙ ሕይወት በቀጠፈ ጊዜ እንኳ፣ ሐዘን የደረሰበትን አባወራ «ጠንከር በል፣ አንተ ከተሸነፍክ ቤተሰቡን ማን ይይዘዋል?» ሲሉት ሰምቻለሁ። ያ ሰው ሐዘኑን የት አውርዶት ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሕጉም ቀስ በቀስ እየተለወጠ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ አራስ ቤት ላለው ሥራ ግን በጣም ጥቂት ነው፣ ሊጨመርም ይገባል።

በእኛ ቤት ወንዱም ሴቷም ተራ ገብተው ዕቃ ያጥባሉ። አያታቸው መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ አሁን ሻይ ሲያምራቸው የሚጠሩት እሱን ነው።