ኤዱኬሽንን መቼ ልሽጠው?

ዛሬ እረፍት ስለሆንኩ ሲቪላይዜሽን 4 የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ስጫወት ዋልኩ፤ ኢትዮጵያን ይዤ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የጨዋታው ማስፋፊያ መሪያችን ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ እሱን ስመርጥ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ብዙ ተጫዋች አልፋቤት የሚባለው ቴክኖሎጂ ተጠንቶ የቴክኖሎጂ ንግድ እንደተከፈተ ያለውን ቴክኖሎጂ ሁሉ ይለዋወጣል። እኔ መጀመሪያ የማየው ተቀናቃኜ በሰጠሁት ነገር ምን እንደሚያደርግበት ነው። አስቴቲክስ የሚባለውን ቴክኖሎጂ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ቶሎ አያጠናውም፤ ስለዚህ ጥሩ መለዋወጫ ነው። ፊውዳሊዝምን ግን ልወጋው ላሰብኩት ጎረቤት በፍጹም አልሰጥም። ከተሞቹን በሎንግቦው ቀስተኞች ይሞላብኛል።

ዛሬ ያስጨነቀኝ ኤዱኬሽን የሚባለው ቴክኖሎጂ ነበር። በኮምፒውተሩ የሚመራው የማሊው መሪ ማንሳ ሙሳ ደህና ዋጋ አቀረበልኝ። ችግሩ እሱ ንግድ ይወዳል፤ ዛሬ ለሱ የሰጠሁት ነገ ሌሎቹ እጅ ይገባል። ሊበራሊዝም ላይ ቀድሞ የደረሰ ደግሞ አንድ ቴክኖሎጂ በነጻ ያገኛል፣ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በኤዱኬሽን በኩል ነው። ስለዚህ እምቢ አልኩ። ሊበራሊዝምን ጨርሼ ናሽናሊዝምን በነጻ እንደወሰድኩ፣ በዚያው ተራ ኤዱኬሽንን ለሚፈልገው ሁሉ ሸጥኩት። የጃፓኑ መሪ ቶኩጋዋ እንደ ልማዱ አልተነጋገረም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከማንም ይሁን በንግድ የተቀበላችሁት ቴክኖሎጂ ሲበዛ፣ መሪዎቹ በጣም እየበለጣችሁን ነው ብለው በር ይዘጋሉ። ለዚህ ነው በርካሽ ነገር ላይ መለዋወጥ የማልወደው።

ኤዱኬሽንን ቀድማችሁ የምትሸጡ ካላችሁ፣ ውድድሩን እንዴት እንደምታሸንፉት ጻፉልኝ።