ኮኬይን እና የወጣት ልብ

ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ስለ ልብ ጤና ስንወያይ አንድ ልጅ፣ «ሲስተር፣ ኮኬይን የጤነኛ ወጣትን ልብ ያቆማል የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ታላቅ ወንድሙ በሰው አገር ይኖራል። የልጁ ጭንቀት እስካሁን አልለቀቀኝም።

እውነት ነው። ኮኬይን ነርቮች የረጩትን ኖራድሬናሊን የተባለ ልብን የሚያፋጥን ኬሚካል መልሰው እንዳይወስዱ ያግዳል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ያሻቅባል። ክፋቱ ደግሞ ልብ ብዙ ኦክስጅን በሚፈልግበት በዚያው ቅጽበት ለራሱ ደም የሚያደርሱለት ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ደሙም ለመርጋት ይቸኩላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ኮኬይን ከተወሰደ በኋላ ባለው የመጀመሪያ አንድ ሰዓት በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋ በ24 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከአልኮል ጋር ሲሆን ጉበት ኮካኤቲሊን የተባለ፣ በሰውነት ውስጥ የበለጠ የሚቆይና ልብን የሚጎዳ ነገር ይሠራል።

«ወጣት ነኝ፣ ስፖርተኛ ነኝ» የሚለው መተማመን በጣም ያሳዝነኛል። አደጋው ዕድሜ አይመርጥም፤ የመጀመሪያ ጊዜም ሊሆን ይችላል።

ልጁን ለብቻው ጠርቼ አነጋገርሁት። ወንድሙ ደረቱን ካመመው ፈጥኖ ሆስፒታል ይሂድ፤ የወሰደውንም ለሐኪሙ አይደብቅ፤ አንዳንድ የተለመዱ የልብ መድኃኒቶች ከኮኬይን ጋር የደም ሥሮቹን መኮማተር ሊያባብሱ ይችላሉና። ማታ እደውልለታለሁ አለኝ።