የማያለቅሰውን ጸሐፊ እንዴት ጻፍኩት

ሀዋሳ ውስጥ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንባ የማይመጣለት ሰው መደበቂያ የለውም። ድንኳኑ የሚተከለው መንገድ ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያያል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ንፍሮውን እየቃመ በጎን ይመለከተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት አጭር ልቦለድ ስጽፍ ከረምኩ። ምንም የማይነካው የሚመስል፣ ሞት ወደ ራሱ ሲመጣ ግን ለኖረበት ነገር ትርጉም የሚያገኝ ሰው። ታሪኩ አሁን አልቋል። የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ሲቸገሩ ስለማይ፣ እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

ሰውዬውን የዕድር ጸሐፊ አደረግኩት፤ ቤቱንም ታቦር ተራራ ግርጌ ሰጠሁት። መጀመሪያ አሞራ ገደል በሚባለው የአሳ ገበያ አሳ የሚመዝን ሰው ላደርገው አስቤ ነበር። ጠዋት ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲወርድ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ አንጀት ሲሻሙ፣ እሱ ቁጥር ብቻ የሚጽፍ። ያምራል፤ ግን የሰው ሞት ከሥራው ይርቃል። የዕድር ጸሐፊ የሚውለው ከሞት ጋር ነው። ጡሩምባ ተነፍቶ ሰው ሲደነግጥ እሱ መዝገቡን ያወጣል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረውን ለቅጣት ይመዘግባል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ በሙሉ መመለሳቸውን ይቆጥራል። ደረቅ መሆኑ ለሰፈሩ ይጠቅማል። ሁሉም የሚያለቅስ ቢሆን ሒሳቡን ማን ይይዛል? ይህን ነገር በጣም ወደድኩት። ሰዎች የሚያሙት ጠባዩ፣ ሰዎች የሚፈልጉትም እሱኑ ነው።

ከዚያ የሰፈራችንን ዕድር ጸሐፊ ለመንኳቸው። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ የሰው ስም እንዳላወጣ ቃል አስገብተው መዝገቡን አሳዩኝ። ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ ደብተር ነው። መስመሩ በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። ተራ ቁጥር፣ የአባል ስም፣ የሟች ዝምድና፣ ቀን፣ የተከፈለ ብር፣ ፊርማ፣ መጨረሻ ላይ ምርመራ ይላል። የምርመራው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ዝምድና በሚለው ሥር ደግሞ «እናት»፣ «ባል»፣ «ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። ዕድሩ የሚከፍለው ለአባሉ ስለሆነ የሚመዘገበው የአባሉ ስም ነው። «ልጅ» የተባለው ልጅ ስሙ የለም። ለሒሳቡ አያስፈልግም። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። ታሪኬንም ያገኘሁት እዚያ ነው።

ከእኔ በፊት የነበሩት ይህን ነገር እንዴት እንደተወጡት ማየትም ነበረብኝ። አልቤር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ‹እንግዳው› ውስጥ ሜርሶ የሚባለው ሰው በእናቱ ቀብር ላይ አያለቅስም። በማግሥቱ ባሕር ሄዶ ይዋኛል፣ ከሴት ጋር ሲኒማ ይገባል። በኋላ ሰው ገድሎ ሲከሰስ፣ ችሎቱ ላይ የሚራገበው ለእናቱ አለማልቀሱ ነው። እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን መጨረሻውን ነው። ሞት ተፈርዶበት፣ ሊያጽናናው በመጣው ቄስ ላይ ከጮኸ በኋላ፣ ብቻውን ሆኖ እናቱን ያስባል። መጦሪያ ቤት ገብታ በስተርጅናዋ ለምን እጮኛ እንደያዘች ያኔ ይገባዋል። ሞት ደጃፏ ላይ ቆሞ እሷ እንደገና ልትጀምር ነበር። አያለቅስላትም። ገባው፣ በቃ። ካሙ ሰውዬውን በሌላ ሰው አልተካውም። ሜርሶ ፀሐይንና ባሕርን ባየበት በዚያው ዓይን እናቱን እንዲያያት አደረገው። እኔም ከሁሉ በፊት የያዝኩት ይህን ነው፦ ደረቅ ሰው ሊሞት ሲል ትርጉም የሚያገኘው በራሱ ጠባይ በኩል ነው። ካለቀሰና ከተንበረከከ፣ የጀመርኩት ሰው ቀርቶ ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣው ‹የኢቫን ኢሊች ሞት› ሌላ በር ከፈተልኝ። ኢቫን ኢሊች የፍርድ ቤት ሰው ነው፤ ሥራውን ከስሜት ለይቶ በመያዙ ይኮራል። ሲታመም ከሕመሙ እኩል የሚያሠቃየው ውሸቱ ነው። ሁሉም እንደሚድን ሆነው ያወሩታል። የማይዋሸው ጌራሲም የሚባል የገጠር ልጅ ብቻ ነው፤ ሕመሙ እንዲቀልለት የጌታውን እግር ትከሻው ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

ይሄ ውሸት የኛም ነው። ነርስ የሆነች ጓደኛዬን ስጠይቃት፣ «ቤተሰብ መጀመሪያ የሚለን ‹እሱ እንዳይሰማ› ነው» አለችኝ። መርዶ የምንነግረው እንኳ በዘዴ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ጸሐፊዬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከመርዶ ነጋሪዎች ጋር ሲሄድ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ የጉበት ካንሰሩን ሐኪሙ ለእህቱ ብቻ እንዲነግራት አደረግኩ። እሷ ፈገግ ብላ ትመጣለች። «ቀላል ነው አሉ፤ መድኃኒት ትወስዳለህ» ትለዋለች። እሱ ፊቷን ያያል። ያን ፊት ያውቀዋል፤ በር ከመንኳኳቱ በፊት ሽማግሌዎቹ ላይ ያየው ፊት ነው። «ስንት ጊዜ አሉ?» ይላታል። ሌላ ምንም አይልም። ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ፈጠነ። ድርቀቱ እዚህ ጋ ጉልበት ሆነለት። ማንም የማይጠይቀውን ጥያቄ መጠየቅ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ እህቱም ከዚያ በኋላ መዋሸት አያስፈልጋትም። አጠገቡ ቁጭ ብላ እንደልቧ ታለቅሳለች።

ከዚህ ወዲያ ምን ያድርግ? የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳቡት ወደ ትልቅ ሥራ ነው። ንብረቱን ለድሃ ይሰጣል፣ ከተጣላው ጋር ይታረቃል፣ ሐይቁ ዳር ቆሞ የፀሐይ መጥለቂያ ያያል። ፍቅር ሐይቅ ምሽት ላይ ምን ያህል እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልወሰድኩትም። ይህ ሰው ምን ያውቃል? መዝገብ። ምን ያሳስበዋል? ጎደሎ መዝገብ። ሊያስረክብ ሲያገላብጥ «ልጅ»፣ «ልጅ»፣ «ልጅ» የሚለውን ያያል። እስክሪብቶውን ይዞ ቤት ለቤት መሄድ ይጀምራል።

አንዱን ቤት ላሳያችሁ። እናትየው በር ላይ ሽሮ እየነፋች ነው። ወንፊቱን ሳታስቀምጥ ታየዋለች። የወር መዋጮ የቀረባት መስሏታል።

«የልጁ ስም ማን ነበር?» ይላታል።

«የትኛው ልጅ?»

«የሞተው።»

ወንፊቱ ይቆማል። «ለምን ፈለጉት፣ ጋሼ?»

«መዝገቡ ጎደሎ ነው።»

ስሙን ትነግረዋለች። ይጽፋል። ከዚያ እሷ ሳትጠየቅ ትቀጥላለች፦ ባጃጅ ሲያልፍ ድምፁን አስመስሎ ይጮህ እንደነበር፣ ሙዝ እንደማይወድ። ጸሐፊው ትንሽ ያስብና በምርመራው ዓምድ ላይ «ሙዝ አይወድም» ብሎ ይጽፋል። ፊርማዋን ይቀበላል። ይሄዳል።

ይህን ገጽ ለመጻፍ አንድ ደንብ አወጣሁ። ሆዱ ባባ፣ አንጀቱ ተላወሰ፣ ልቡ ተነካ የሚሉትን ሁሉ ከእሱ ከለከልኩ። ሌሎቹ ይበሉት። እህቱ ትበል፣ ጎረቤት ይበል። ለእሱ የሚፈቀደው እጁ የሚሠራው ብቻ ነው፦ መክፈት፣ መጻፍ፣ መክደን። የሚለወጠው የሚጽፈው ነገር ነው። መጀመሪያ ስም ብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ቃል፣ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር። ስለ አንድ አሳ አጥማጅ «መረቡን ራሱ ይጠግን ነበር» ይላል። ስለ አንዲት አሮጊት «በረካውን ሁልጊዜ ለዘበኛው ታቆይ ነበር» ይላል። አንባቢው የሰውዬውን ልብ የሚያየው በዚያ ዓምድ በኩል ነው። ለሚጽፍ ሰው የምመክረውም ይኸው ነው፤ ስሜት የሌለው የሚመስል ሰው ስትጽፉ ትኩረቱ የት እንደሚያርፍ አሳዩ። ፍቅሩ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

የበሽታውን ሂደት በአጭሩ አለፍኩት። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ቤት ለቤት መሄዱ ይቀርና ሰዎቹ እሱ ዘንድ ይመጣሉ። ከዚህ በላይ ቢዘረዘር አንባቢ ለሕመሙ ያዝናል፤ እኔ የፈለግኩት ሰውዬውን እንዲያውቀው ነው።

ቀብሩ ላይ ግን ቆየሁ። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1952 በሠራው ‹ኢኪሩ› ፊልም ላይ ዋናው ሰው ከሞተ በኋላ ታሪኩ ይቀጥላል፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ለቅሶው ላይ ተቀምጠው ስለ እሱ ይከራከራሉ። ከዕድር ድንኳን የበለጠ ለዚህ የሚመች ቦታ የት ይገኛል? እኔም ሰዎቹን ድንኳን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አንዱ «ልቡ ድንጋይ ነበር» ይላል። ሌላው «መሞቱን ሲያውቅ ፈርቶ ነው» ይላል። ያቺ እናት ከሴቶቹ በኩል ትሰማለች። ምንም አትመልስላቸውም። ከሁሉም በላይ የምታለቅሰው እሷ ናት፤ ወንዶቹም እሷና ሟቹ ምን ዝምድና እንዳላቸው አያውቁም።

እህቴ አንብባ ተከራከረችኝ። «አንዴ እንኳ ብታስለቅሰው ምን ነበረበት?» አለች። እሷ እንዲህ ያለችው ሰውዬውን ስለወደደችው ነው። ስለወደደችው ደስ አለኝ፤ ልመናዋን ግን አልተቀበልኩም።

ከዚያ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ስለ እናትየዋም ስለ ሞቱም አንድም ነገር አላነሱም። «ርክክቡስ?» አሉኝ። «ጸሐፊ ሞቶ መዝገቡ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በጠቅላላ ጉባኤ ነው የሚተላለፈው። ማን ተረከበ?»

ልክ ናቸው። ሰውዬው ይህን ሳያስተካክል አይሞትም። ስለዚህ አንድ ገጽ ጨመርኩ። ከመሞቱ በፊት፣ ትራስ ተደግፎ፣ አዲሷን ጸሐፊ ያስጠራታል፤ ሒሳብ የተማረች ወጣት ናት። ቅጹን አንድ በአንድ ያስረዳታል። ምርመራው ጋ ሲደርስ «እዚህስ ምን ይጻፋል?» ትለዋለች።

«ጠይቂያቸው» ይላታል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ገጽ፣ ወደ ወንበሮቹ ቆጠራ ያልፋሉ።