ላቲን ሳልችል የ1698ቱን የአማርኛ ሰዋስው እንዴት አነበብኩት

እናቴ "እና አሁን አማርኛ ለማንበብ ነው ላቲን የምትማረው?" ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነው። በ1698 (በእኛ 1690 ወይም 91) ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት ታተሙ። ደራሲው ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ኢትዮጵያን አንድም ቀን ያልረገጠ ጀርመናዊ። ማብራሪያው ሁሉ በላቲን ነው።

ስካኑን አወረድኩና እያንዳንዱን ቃል እየጻፍኩ ለትርጉም ማሽን መስጠት ጀመርኩ። የሚወጣው ዝባዝንኬ ነበር። ሁለት ሳምንት ካቃጠልኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ በዚያ ዘመን ኅትመት ኤስ የምትባለው ፊደል ቃል መሀል ስትገባ ትረዝምና ቁርጥ ኤፍን ትመስላለች። "ነው" ማለት የሆነውን "ኤስት" እኔ "ኤፍት" እያልኩ ነው የከረምኩት! አጉልታችሁ እዩት፦ የኤፍ አግዳሚ ግንዱን ያቋርጣል፣ የረጅሟ ኤስ ግን ብትኖርም በግራ በኩል ብቻ ቅንጣት ታህል ናት። ቃል መጨረሻ ላይ ደግሞ አትመጣም።

ላቲኑን ሙሉ መማርም አላስፈለገኝም። ሰዋስው ያንኑ ቃል ነው የሚደጋግመው፤ ኖሜን ስም፣ ቬርቡም ግስ፣ ፕሉራሊስ ብዙ ቁጥር። ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው። ከዚያ መጀመሪያ የአማርኛውን ምሳሌ አነባለሁ፣ ስለምን እንደሚያወራ እገምታለሁ፣ ላቲኑን ማረጋገጫ አደርገዋለሁ። ከዚህ በኋላ ነው መንገድ የያዘልኝ።

የቆጨኝ ግን የሰዎቹን ታሪክ መጨረሻ ላይ ማንበቤ ነው። ሉዶልፍን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፣ የመካነ ሥላሴ ሰው። በ1649 ሮም ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው በመስፍን ኤርንስት ግቢ አብረው ሠሩ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። መጽሐፉ የወጣው ከ40 ዓመት በኋላ! ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ምሳሌዎቹን እንደ ፈረንጅ ሥራ ገረፍ ገረፍ አድርጌ አላልፋቸውም ነበር። ያኔ እኛ ጋ መጽሐፍ በአብዛኛው የሚጻፈው በግእዝ ነው፤ በ1672 የተጻፈው የወለተ ጴጥሮስ ገድል እንኳ ግእዝ ነው። የዚያ ዘመን ሰው የሚያወራው አማርኛ ወረቀት ላይ ሲገኝ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን መዝገበ ቃላቱን ጀምሬያለሁ። ያልገባኝን ቃል ለእናቴ በስልክ አነብላታለሁ። አንዳንዱን "ይሄንንማ አያቴ ትለው ነበር" ትለኛለች፣ አንዳንዱን ደግሞ "ይሄን ፈረንጁ ነው ያበላሸው"።