ሲም ማስገቢያው የት ሄደ?

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ወጣት መገናኛ ያለችው ሱቄ መጣና ካርቶኑ ያልተከፈተ አይፎን 17 ፕሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ብርቱካናማው ነው። እህቱ ከዱባይ በሰው የላከችለት ነው። የአሮጌ ስልኩን ሲም ነቅሎ በመዳፉ ይዟል። «ጋሼ፣ ይቺን አስገባልኝና ፕሮቴክተር ለጥፍልኝ» አለኝ።

ስልኩን አውጥቼ ግራ ጎኑን፣ ከድምፅ ቁልፎቹ ዝቅ ብዬ፣ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ልሙጥ ነው። በሌላውም ጎን በታችም አየሁ። ልጁ ፊቴን እያየ ነበርና ሳልነግረው ገባው።

ስለ አዲሶቹ አይፎኖች ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ከየት እንደምጀምር የነገረኝ ግን የዚያ ልጅ ፊት ነው።

አፕል ስልኮቹን ያስተዋወቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነበር። የህዳሴ ግድብ የተመረቀበት ዕለት ስለሆነ ቀኑን የሚረሳው ያለ አይመስለኝም። ቤታችን ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ጉባ ላይ ነበር፤ ምሽት 2 ሰዓት ላይ እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። በየዓመቱ ነው የማየው፤ ሥራዬ ነው። ዛሬ የሚታየው ስልክ ከወራት በኋላ ስክሪኑ ተሰብሮ ወይ ውኃ ገብቶበት እኔ ጋ ይመጣል።

መድረኩ ላይ አራት ስልኮች ወጡ፤ አይፎን 17፣ ኤር፣ 17 ፕሮ እና ፕሮ ማክስ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤር ነው፤ እውነትም የሚያስወራ ነው። ውፍረቱ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 165 ግራም። አንድ ደንበኛዬ ከአሜሪካ ይዛው መጥታ በእጄ ይዤዋለሁ። ስልክ ሲፈታና ሲገጠም የኖረ እጅ ክብደቱን ሳይመዝን ያውቃል፤ ይሄኛው ግን ውስጡ ባዶ የሆነ መሰለኝ። ዙሪያው ቲታኒየም ነው። ቦርዱ ከላይ ካሜራው ያለበት ጉብታ ውስጥ ተሰብስቧል፤ ከዚያ በታች ያለው ቦታ ለባትሪ ተትቷል። ይህን የሠራ መሐንዲስ እጁ ይባረክ እላለሁ። ከኋላ ያለው ካሜራ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ድምፅ ማጉያውም ከላይ ያለው ብቻ ነው። ለዚህ 999 ዶላር እከፍላለሁ ወይ ብትሉኝ አልከፍልም። ኤር በየትም አገር ቢገዛ ሲም አይቀበልም፤ የሚሠራው በኢሲም ብቻ ነው፤ ኢሲም ማለት እንደ ካርድ የማይገባና የማይወጣ፣ ስልኩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ሲም ነው።

ከኤር ይልቅ እኛን የሚነካን ወሬ ያን ምሽት መድረኩ ላይ ብዙም አልተነገረለትም። ሲም ማስገቢያ የሌለው አይፎን እስከ አምና ድረስ የአሜሪካው ብቻ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2022 ከአይፎን 14 ጋር ነው የጀመረው። ስለዚህ ገበያው ላይ ያለን ሁላችን ደንበኛን የምንመክረው በቀላሉ ነበር፦ የአሜሪካውን ተወው፣ የዱባዩን ግዛ። ያ ምክር ዘንድሮ ፈረሰ። የአይፎን 17 ቤተሰብ ያለ ሲም ማስገቢያ የሚሸጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ከአሜሪካ ሌላ ካናዳ፣ ሜክሲኮ፣ ጃፓን፣ ከዚያም ሳዑዲ፣ ኤምሬቶች፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባህሬንና ኦማን ገብተዋል። ስድስቱም የባሕረ ሰላጤው አገሮች። እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ከደሞዛቸው አጠራቅመው ስልክ የሚልኩልን ከዚያ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ከአሜሪካ የመጣ አይፎን 14 ስክሪን ልቀይር ስከፍት ያየሁትን አልረሳውም። ሲም የሚገባበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ፕላስቲክ ተቀምጧል። ለምንም አያገለግልም፤ ቦታ መሙያ ነው። በካቻቢቴዬ ጫፍ ነካ ነካ አድርጌው ነበር። ቦታው አለ፤ ሲሙን ብቻ ከልክለውታል። ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር፤ ሰውን ካስቸገሩ ቢያንስ በምትኩ አንድ ነገር ይሰጡታል ብዬ አስብ ነበርና።

ዘንድሮ ሰጥተዋል፤ ይህን መመስከር አለብኝ። በፕሮዎቹ ላይ ያ ቦታ ለባትሪ ሆኗል። ሲም ማስገቢያ ያለው ፕሮ ማክስ ባትሪ 4,823 ሚሊ አምፒር ሰዓት ሲሆን የሌለው 5,088 ነው። ፕሮው ከ3,988 ወደ 4,252 ከፍ ይላል። አፕል ራሱ በሚሰጠው ልክ ቪዲዮ ሲታይ የሁለት ሰዓት ልዩነት አለው። ተራው 17 ላይ ግን ሲም ኖረውም አልኖረውም ያው 30 ሰዓት ነው፤ የዱባዩን ተራ 17 የገዛ ሰው ሲሙን አጥቶ በምትኩ ያገኘው ባትሪ የለም።

«ኢሲም እዚህም ጀምሯል፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?» የሚለኝ አለ። ጀምሯል፤ ለብዙ ሰው ይሠራለታል። ስልክ ነጥቆ የሚሮጥ ሌባ በመርፌ ሊያወጣው አለመቻሉም ትልቅ ነገር ነው። እኔ የማስበው ግን ስልክ ሲበላሽ የሚሆነውን ነው። ስክሪኑ ጨርሶ የጠፋ ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋ አይደለም። «ሲሜን አውጣልኝ» ነው። ቴሌብሩ፣ የባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር፣ ከሐኪም ቤት የሚጠብቀው ጥሪ፣ ሁሉም እዚያች ሲም ላይ ናቸው። አወጣለታለሁ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ካሉት ባለ ቁልፍ ስልኮች አንዱን አውሰዋለሁ፤ እዚሁ ቆሞ ይደውላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በኢሲም ጊዜ ይህ ሰው መታወቂያውን ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል መሄድ፣ ኢሲም የሚቀበል ሌላ ስልክም መፈለግ አለበት። የማውሰው ባለ ቁልፍ ስልክ አይረዳውም።

ስለዚህ የምትገዙ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን ዳብሱ። ካርቶኑ ካልተከፈተና ባለ ሱቁ «ኢንተርናሽናል ነው» ካላችሁ፣ የየት አገር ኢንተርናሽናል እንደሆነ ጠይቁት። ከአውሮፓ የሚመጣው 17 አሁንም ሲም ይቀበላል። ከተከፈተ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ፣ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ብላችሁ የሞዴል ቁጥሩን እዩ። በኤም ከጀመረ አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፤ በኤፍ ከጀመረ ታድሶ የተሸጠ፤ በኤን ከጀመረ በተበላሸ ስልክ ምትክ የተሰጠ ነው። መጨረሻው ላይ ሁለት ኤል ካለ የአሜሪካ ነው። ለምትልኩልን ደግሞ አደራ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለተቀባዩ ደውሉና ቁጥሩን ወደ ኢሲም መቀየር ይችል እንደሆነ ጠይቁት።

ከአራቱ የትኛውን ትመርጣለህ ካላችሁኝ፣ ያለ ማመንታት ተራውን 17፣ ሲም የሚቀበለውን። እስከ ዛሬ ለፕሮ ብቻ ተይዞ የነበረው በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደሰው ስክሪን ወደ እሱ ወርዷል። መነሻው 256 ጊጋ ሆኖ በአሜሪካ 799 ዶላር ነው። የፊት ካሜራውም ስልኩን እንደቆመ ይዘህ ፎቶውን በወርድ እንዲያነሳ ያደርጋል፤ ሠርግ ላይ አሥር ሰው ተደርድሮ ሲነሳ ጥቅሙ ይታያል። ፕሮዎቹ ቲታኒየሙን ትተው ወደ አሉሚኒየም ዞረዋል፤ ሙቀት የሚያሰራጭ በውስጡ ውኃ ያለበት ስስ ክፍልም ተጨምሮላቸዋል። ለሙቀቱ ጥሩ ነው። አሉሚኒየም ግን ሲወድቅ ይሰረጎዳል፤ የካሜራው ጉብታ ጠርዝም ስል ስለሆነ ቀለሙ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ይመስለኛል። ከቨር ሳታደርጉ አትያዙት።

በሙያዬ ካየሁት ደስ ያለኝን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አምና ከአይፎን 16 ጀምሮ ባትሪውን የሚይዘው ማጣበቂያ በኤሌክትሪክ ይለቃል። የ9 ቮልት ድንጋይ ወስደህ አንዱን ሽቦ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን አካሉ ላይ ታገናኛለህ፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ትጠብቃለህ፤ ባትሪው ራሱ ለቀቅ ይላል። መጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው ጎረቤቴን ጠርቼ አሳይቼዋለሁ። በፊት ማጣበቂያው መሀል ላይ እየተበጠሰብን፣ በአልኮልና በፕላስቲክ ካርድ ባትሪ ስንፈለቅቅ፣ እንዳይቀደድና እሳት እንዳይነሳ እየፈራን ነበር የምንሠራው። ያ ማጣበቂያ ኤር ላይም አለ። እንዲህ የቀጠነ ስልክ ባትሪው በቀላሉ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ልጁ ሁለት ቁጥር ነበረው። አንደኛውን ሰኞ ሄዶ ወደ ኢሲም ሊቀይር ወሰነ፤ ቴሌብሩ ያለበት ሲም ግን ለጊዜው አሮጌው ስልክ ላይ ይቆይ ተባባልን። ሲሙን መልሼ አሮጌው ስልክ ውስጥ አስገባሁለት። አዲሱን በሱቄ ዋይፋይ አስነሳሁትና ኢሞ ጫንኩለት። ወዲያው እህቱ ደወለች። ኩሽና ውስጥ ቆማለች፤ ከኋላዋ ድስት ይታያል።

«ደረሰህ? ወደድከው?» አለችው።

«በጣም» አላት፤ ስልኩን ራቅ አድርጎ ያዘ፣ ፊቱ በሙሉ እንዲታያት። አሮጌውን በሌላ እጁ ከጠረጴዛው በታች ይዞት ነበር።